ስኳርን መተውና የሰውነት ክብደት

ዐቢይ ጾም በተቃረበ ቁጥር በየሰበካውና በየፕሮጀክት ወረዳው ከሚነሡ ጥያቄዎች አንዱ ስኳርን የሚመለከት ነው። ስኳር ከዕፅዋት የሚገኝ በመሆኑ የጾም ሥርዓቱ አይከለክለውም። ሆኖም በፈቃዳቸው ሻያቸውንና ቡናቸውን ያለ ስኳር ለመጠጣት፣ ለስላሳ መጠጥንም ለመተው የሚወስኑ ምእመናን ጥቂት አይደሉም። ጥያቄው የሚነሣው ከውሳኔው በኋላ ነው። አንዱ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ቀነስኩ ብሎ ይደሰትና፣ ከዚያ በኋላ ሚዛኑ አልንቀሳቀስ ሲለው ግራ ይጋባል። ሌላዋ ሃምሳ አምስቱን ቀን ሙሉ በሻይዋ ስኳር ሳትጨምር ከርማ ክብደቷን እንደነበረ ታገኘዋለች። ጾሙን ወፍሮ የጨረሰም አለ። መቀነስ የማይገባው ሰው ደግሞ ቀንሶ፣ ጎረቤቱ «እንዴት አማረብህ» እያለው፣ ሕመሙን በውስጡ ይዞ የሚዞርበት ጊዜ አለ። እነዚህ አራት ሰዎች በአንድ ዓይነት ውሳኔ ለምን አራት ዓይነት ውጤት እንዳገኙ ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ጾም ክብደት ለመቀነስ የተሠራ እንዳልሆነ ለዚህ መጽሔት አንባብያን መናገር ለቀባሪው ማርዳት ስለሚሆን በእርሱ ላይ አንቆይም።

በቅድሚያ ስኳር የምንለው ምን እንደሆነ እንመልከት። በጓዳችን ያለው ነጭ ስኳር በሳይንሳዊ ስሙ ሱክሮስ ይባላል፤ ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ያህል ኃይል ይሰጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ «ነጻ ስኳር» በሚለው ስያሜ ሥር የሚያካትተው በእጃችን ወይም በፋብሪካ ወደ ምግብና መጠጥ የሚጨመረውን ስኳር ሁሉ፣ እንዲሁም በማር፣ በሽሮፕና በፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘውን ነው። ያልተጨመቀ ሙሉ ፍሬና ወተት ከዚህ አይቆጠሩም። መመሪያው ነጻ ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ከ5 በመቶ በታች ቢወርድም ተጨማሪ ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል ያመለክታል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የመጀመሪያው ወሰን 50 ግራም፣ ሁለተኛው 25 ግራም ይሆናል። በሻይ ማንኪያ ሲለካ ዐሥራ ሁለትና ስድስት ገደማ ማለት ነው።

ማርን በተመለከተ አንድ ነገር ማለት ተገቢ ነው። «ስኳር ትቻለሁ፤ አሁን የምጠቀመው ማር ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ማር በክብርም በጣዕምም ከስኳር የሚበልጥ የሀገራችን በረከት መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ጣፋጭነቱ የሚመጣው ከነዚያው ከግሉኮስና ከፍሩክቶስ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ከባድ ስለሆነ እንዲያውም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ትንሽ የበለጠ ኃይል ይይዛል። ሚዛኑ ላይ የሚቆመው ሰው ማሩ ከየት ሀገር እንደመጣ ሚዛኑ አይጠይቀውም።

አሁን የአንድን መካከለኛ የከተማ ነዋሪ ቀን እናስላ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሦስት ሲኒ ቡና ይጠጣል፤ በእያንዳንዱ ሁለት ማንኪያ ስኳር። ጠዋትና ማታ ሻይ ይጠጣል፤ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ። ይህ ዐሥራ ሁለት ማንኪያ ነው፤ አንዱን ማንኪያ በ4 ግራም ብንገምት 48 ግራም። በምሳ ሰዓት አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ቢጨምር በውስጡ ከ30 ግራም የሚበልጥ ስኳር አለ። ድምሩ 80 ግራም፣ ማለትም 320 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ይህ ሰው ጣፋጭ ወዳድ ነህ ቢባል ይገረማል፤ ኬክ ቤት ከገባ ወር አልፎታልና።

ይህ ልማድ ከጥንት የወረስነው እንዳይመስለን። በሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የተቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በሀገር ውስጥ በፋብሪካ የተመረተ ስኳር በየቤቱ ማግኘት የሚታሰብ አልነበረም፤ በብዙ የገጠር አካባቢዎችም ቡና በጨው ወይም እንዲሁ ይጠጣ ነበር፤ ዛሬም የሚጠጣበት አለ። የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ፊት ለስኳር መሰለፍ የለመደው ትውልድ የአያቶቹን ቡና ቢቀምስ «ስኳሩ ተረሳ» ሳይል አይቀርም።

ወደ መጀመሪያው ሰው እንመለስ፤ በአንድ ሳምንት ሁለት ኪሎ ወደ ቀነሰው። ሰውነታችን ከእህልና ከስኳር የሚያገኘውን ግሉኮስ በከፊል ግላይኮጅን በሚባል ቅርጽ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያስቀምጣል። በአንድ አዋቂ ሰው ጉበት ውስጥ ወደ 100 ግራም፣ በጡንቻዎቹ ውስጥ ደግሞ ወደ 400 ግራም ሊኖር ይችላል። ይህ ስንቅ ደረቅ ሆኖ አይቀመጥም፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ወደ 3 ግራም የሚሆን ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ጎተራው ሲሞላ ከነውኃው እስከ 2 ኪሎ ይመዝናል። ሰውየው ስኳሩን ትቶ በዚያውም ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከምግብ ሲከለከል ጎተራው ይጎድላል። ግማሹ ቢጎድል እንኳ 250 ግራም ግላይኮጅንና 750 ግራም ውኃ፣ በድምሩ አንድ ኪሎ ከሰውነት ይወጣል። ሌላም ምክንያት አለ። ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ኩላሊት ጨውን እንዲይዝ ያደርጋል። የስኳርና የእህል መጠን ሲቀንስ ኢንሱሊን ዝቅ ስለሚል ኩላሊት ጨውን፣ ጨውም ውኃን ይዞ ይወጣል። ስኳር በተዉባቸው የመጀመሪያ ቀናት ሽንት መብዛቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚህ ሁለት ኪሎ ውስጥ ስቡ ምን ያህል ነው? አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ለማቅለጥ ወደ 7700 ካሎሪ መጉደል ይኖርበታል። ሰውየው በቀን 320 ካሎሪ ቢያጎድልና በምትኩ ምንም ባይበላ፣ በሰባት ቀን 2240 ካሎሪ ይሆናል፤ ይኸውም ሦስት መቶ ግራም የማይሞላ ስብ ነው። የቀረው በአመዛኙ ውኃ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሚዛኑ ቆመ ብሎ ማዘኑ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፤ የቆመው የውኃው መውጣት ነው። ስቡ በዚያው በዝግታው እየሄደ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በሳምንት ሦስት መቶ ግራም የሚሆን ለውጥ በየዕለቱ ከሚለዋወጠው የውኃና የምግብ ክብደት ሥር ተሸፍኖ አይታይም። ጨው የበዛበት ሽሮ ከበሉ በማግስቱ ሰውነት አንድ ኪሎ ከብዶ ቢገኝ የተለመደ ነው።

ሁለተኛዋ ሴት ስኳሩን በእውነት ትታዋለች። ታዲያ ክብደቷ ለምን አልቀነሰም? የዚህ መልስ በአንድ ሰፊ ጥናት ውስጥ ይገኛል። በኒው ዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሌሎች የተሠሩ 30 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አሳትመዋል። የቀረውን ምግባቸውን እንደፈቀዱ እየበሉ ስኳር የቀነሱ አዋቂዎች በአማካይ 0.8 ኪሎ ብቻ ቀነሱ፤ ስኳር የጨመሩት ደግሞ 0.75 ኪሎ ያህል ጨመሩ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ሦስተኛው ውጤት ነው፤ ስኳሩ ወጥቶ በምትኩ እኩል ካሎሪ ያለው ሌላ ካርቦሃይድሬት በገባባቸው ሙከራዎች ክብደት አልተለወጠም። በሌላ አነጋገር ስኳር ክብደትን የሚጨምረው የተለየ ምሥጢራዊ ኃይል ስላለው አይደለም፤ ሳናስበው ብዙ ኃይል ስለሚያስገባ ነው። በሌላ በር ያው ኃይል ከገባ የስኳሩ መውጣት በሚዛን ላይ አይታይም።

በጾም ወራት ይህ «ሌላ በር» ብዙውን ጊዜ ዘይት ነው። ቅቤው ሲቀር ወጡ በዘይት ይሠራል፤ ስለዚህ ስሌቱ ለጓዳ ሰው ይጠቅማል። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ሲሆን ይህ ከሰባት የሻይ ማንኪያ በላይ ከሆነ ስኳር ጋር ይስተካከላል። ስኳር የለሽ ሻይ የጠጣችው እኅት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሁለት ሳንቡሳ፣ በዘይት የተጠበሰ ድንችና አንድ ትልቅ ዳቦ ብትጨምር ሒሳቡ ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል፤ ይህንም የምታደርገው ሆዳም ስለሆነች አይደለም፤ ሰውነት የጎደለበትን በረኀብ ስሜት አማካይነት ስለሚያስታውስ ነው። የወፈረው ሦስተኛው ሰው ጉዳይ ከዚህ የቀለለ ነው። ስኳርን ከሻዩ አውጥቶ በጾም ኬክ፣ በሃላዋ፣ በብስኩትና ስኳር በተጨመረበት የአቮካዶ ጭማቂ መልሶ አስገብቶታል። ጭማቂ ቤቶቻችን በአንድ ብርጭቆ ስንት ማንኪያ እንደሚጨምሩ ቆመው ያዩ ሰዎች ይህን ለማመን አይቸገሩም።

እዚህ ላይ የመጠጥ ስኳር ከሚበላው ስኳር የሚለይበትን ነጥብ ማንሣት ያስፈልጋል። በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ አነስተኛ ሙከራ 15 ሰዎች ለአራት ሳምንታት በቀን 450 ካሎሪ በጣፋጭ ከረሜላ መልክ፣ ለሌላ አራት ሳምንታት ደግሞ ይህንኑ ያህል በለስላሳ መጠጥ መልክ እንዲወስዱ ተደረገ። ከረሜላውን በበሉበት ጊዜ ሌላ ምግባቸውን በዚያው ልክ ቀነሱ፤ ለስላሳውን በጠጡበት ጊዜ ግን አልቀነሱም፤ ክብደታቸውም ጨመረ። ሆድ የሚታኘክን ነገር ይቆጥራል፤ የሚጠጣውን ግን በአግባቡ አይቆጥርም ማለት ነው። በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው ጥናት ደግሞ ጠንካራ ማስረጃ ነው። በ641 ሕፃናት ላይ የተደረገ ሲሆን፣ ለ18 ወራት ግማሾቹ በቀን 250 ሚሊ ሊትር ስኳር ያለው መጠጥ፣ ግማሾቹ ስኳር የሌለው ነገር ግን ጣዕሙ ተመሳሳይ የሆነ መጠጥ ተሰጣቸው። ማን የትኛውን እንደሚጠጣ ልጆቹም አላወቁም። ሕፃናት በማደግ ላይ ስለሆኑ ሁለቱም ወገኖች ክብደት ጨመሩ፤ ስኳር ያለውን የጠጡት በአማካይ 7.37 ኪሎ፣ ሌሎቹ 6.35 ኪሎ። በየቀኑ ከአንድ ብርጭቆ የመጣው ልዩነት አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ ስኳርን ሁሉ በአንድ ጊዜ መተው ለሚከብደው ሰው ከየት እንደሚጀምር ምክር ብጠየቅ፣ ከቡናው ሳይሆን ከለስላሳው ይጀምር እላለሁ።

በዚህ አጋጣሚ የራሳችንንም ቤት ብንመለከት መልካም ነው። በሰንበቴው፣ በማኅበሩ፣ በሥልጠናው የሻይ ዕረፍት ሁሉ ሣጥን ሙሉ ለስላሳ ማቅረብ የአክብሮት ምልክት ሆኗል። ስለ ጤና የሚሰጥ ሥልጠና ላይ እንኳ በየተሳታፊው ፊት ጠርሙስ ይቀመጣል። ቆሎ፣ ንፍሮና ንጹሕ ውኃ ማቅረብ ንፉግነት ሳይሆን የቆየ መስተንግዷችን መሆኑን ማስታወስ የሚገባ ይመስለኛል።

ስኳሩን ትቶ በምትኩ ሌላ ያላስገባ ሰውስ እስከ መቼ ይቀንሳል? በ7700 ካሎሪ አንድ ኪሎ የሚለውን ስሌት ለዓመታት ቢዘረጉት ሰውየው ጠፍቶ የሚያልቅ ይመስላል። እንዲህ የማይሆነው ሰውነት ሲቀል የሚያስፈልገው ኃይልም ስለሚቀንስ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያቀረቡት ስሌት ወደ እውነታው ይቀርባል። በዚያ መሠረት ውፍረት ያለው አንድ አዋቂ በቀን 100 ካሎሪ በቋሚነት ቢቀንስ በመጨረሻ ወደ 4 ኪሎ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ግማሹን ለመቀነስ አንድ ዓመት፣ አብዛኛውን ለመጨረስ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። አንድ መቶ ካሎሪ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው። የሃምሳ አምስት ቀን ጾም ይህን የሦስት ዓመት ጉዞ ሊጨርሰው አይችልም፤ ልማዱን ሊያስጀምረው ግን ይችላል።

ልማዱ የሚጀመርበት ጊዜ ደግሞ ራስ የሚያምበት ጊዜ ነው። ብዙዎች «ስኳር ስተው ራሴን ፈለጠኝ» ይላሉ። ቡናን ያለ ስኳር መጠጣት የማይችል ሰው ስኳሩን ሲተው ቡናውንም አብሮ ይተዋል፤ በጾም ቀን ደግሞ ቡናው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይዘገያል። ቡና የለመደ ሰው ካፌይን ሲቋረጥበት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት ሊጀምረው፣ እስከ ዘጠኝ ቀንም ሊቆይበት ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የቡናው መቅረት ሆኖ ሳለ የሚከሰሰው ስኳሩ ነው። ከጾሙ በፊት ባሉት ሳምንታት ቡናውንም ስኳሩንም ቀስ በቀስ መቀነስ ይህን ያቀልላል። ምላስም ይለምዳል። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ከቆዩ በኋላ ድሮ ሦስት ማንኪያ ይጨመርበት የነበረው ሻይ በአንድ ማንኪያ እንኳ ሲጠጣ ከልክ በላይ ይጣፍጣል።

ሚዛን የማያሳየውም ጥቅም አለ። ፍሩክቶስን በአብዛኛው የሚያስተናግደው ጉበት ሲሆን ከመጠን ሲያልፍ ወደ ስብ ይለውጠዋል። በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ ጥናት ውፍረት ያለባቸው ልጆች ለዘጠኝ ቀናት ስኳራቸው ተቀንሶ፣ ክብደታቸው እንዳይወርድ በምትኩ ስታርች ያለው ምግብ ተሰጣቸው። የልጆቹ አጠቃላይ ካሎሪ እንደነበረ ሳለ በጉበታቸው ውስጥ ያለው ስብ ቀነሰ። ስለዚህ ሁለተኛዋ እኅታችን ሚዛኗ ባይንቀሳቀስም በከንቱ አልደከመችም። የጥርስን ነገር እናቶች ሁሉ ስለሚያውቁት አልፈዋለሁ። በስኳር ፋንታ የሚሸጡትን ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎች በተመለከተ ግን፣ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ክብደትን ለመቆጣጠር ተብለው ባይወሰዱ እንደሚመርጥ አስታውቋል፤ ይህ ምክር ቀድሞ የስኳር በሽታ ያለባቸውን አይመለከትም።

አሁን ወደ አራተኛው ሰው እንመጣለን፤ ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያስገደደኝም እርሱ ነው። ሳያስበው ወይም ከጠበቀው በላይ የሚቀንስ ሰው ስኳር መተዉን ምክንያት አድርጎ ሊዘናጋ አይገባውም። የስኳር በሽታ በራሱ ክብደት ይቀንሳል። ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም ሥራውን መሥራት ሲያቅተው ግሉኮስ በደም ውስጥ ተትረፍርፎ ሳለ ሕዋሳት ይራባሉ፤ ትርፉ በሽንት ይፈስሳል፤ ሰውነትም የራሱን ስብና ጡንቻ ይበላል። ጥም የበዛበት፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት የሚነሣ፣ እየበላ የሚከሳ ሰው ስኳር ስለተወ ቀጠንኩ ቢል ማንም «እሰይ» ሊለው አይገባም፤ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄዶ የደም ስኳሩን ሊለካ ይገባዋል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብና መክሳት በአንድነት ከታዩ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋል። በጥቅሉ ሳይፈልጉት በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከክብደታቸው 5 በመቶ፣ ማለትም 60 ኪሎ የነበረ ሰው 3 ኪሎ ከቀነሰ ባለሙያ ማየት አለበት።

ሕመሙን የሚያውቁትና መድኃኒት የጀመሩትም ሌላ አደጋ አለባቸው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ሳያስተካክል ምግብና ስኳር ቢያቋርጥ የደም ስኳሩ ከመጠን በታች ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ግራ መጋባት ይከተላል፤ ራስን ስቶ መውደቅም ይመጣል። በቅዳሴ መካከል እንዲህ የሆነውን ሰው በዙሪያው ያሉት ድካም ወይም ሌላ ነገር ይዞታል ብለው ሊያልፉት ይችላሉ። ሰውየው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው መድገም ያስፈልጋል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ በፍጥነት ወደ ሕክምና ማድረስ ነው። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ከጾሙ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ማማከር ይገባዋል፤ ካህናት አባቶቻችንም መድኃኒት የሚወስድ መሆኑን አስቀድመው ቢጠይቁት ብዙ ነገር ይድናል።

የምንሠራባቸው ብዙ ወረዳዎች ችግር ደግሞ ውፍረት አይደለም፤ መክሳት ነው። «ስኳር መርዝ ነው» የሚለው የከተማ ወሬ ወደ እነዚህ መንደሮች እንዳለ ሲደርስ ጉዳት ያመጣል። በከፍተኛ ደረጃ ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው በኦቾሎኒ የተዘጋጀው አልሚ ምግብ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይት፣ ከቫይታሚንና ከማዕድናት ጋር ስኳር አለበት፤ ያለበትም ሆን ተብሎ ነው። እናት ስኳር አለበት ብላ ልትተወው አይገባም። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ሕይወት የሚያተርፈው ኦ አር ኤስም የሚሠራው በግሉኮስ ነው፤ ግሉኮስ በአንጀት በኩል ሲገባ ጨውን ይዞ፣ ጨውም ውኃን ይዞ ስለሚገባ ነው። የተዘጋጀው ዱቄት በማይገኝበት ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተለክቶ ይበጠበጣል፤ ልኩ እንዳይዛነፍ መጠንቀቅ ግድ ነው። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ የከሱ አረጋውያን፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ ሕክምና የሚከታተሉ ወገኖችም ስኳር ከመተዋቸው በፊት በምትኩ የሚበሉት ነገር መኖሩ መታሰብ አለበት። ለእነዚህ ሰዎች በሻይ ውስጥ ያለችው ስኳር የዕለቱ ኃይል አንድ ክፍል ልትሆን ትችላለች፤ ባቄላ፣ ምስር፣ ኑግና ሰሊጥ ሳይጨምሩ እርሷን ብቻ መንጠቅ ማድከም ነው።

ለመመዘን የሚፈልግ ሰው በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ ሳይበላ ሳይጠጣ ቢመዘን ይበቃዋል። በአዲስ አበባ የእግረኛ መንገድ ዳር ልጆች ይዘውት የሚቀመጡት ሚዛንም፣ ሁልጊዜ ያው ሚዛን እስከሆነና ደልዳላ መሬት ላይ እስከተቀመጠ ድረስ ለውጡን ለማየት ያገለግላል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ በአምስት የተለያዩ ልጆች ዘንድ ተመዝኖ በልዩነቱ መጨነቅ ግን ሳንቲም ማባከን ነው። አራት ሳምንታት ተመዝግበው ጎን ለጎን ሲታዩ ነው አካሄዱ የሚታወቀው። የወገብን ዙሪያ በሜትር መለካትም ጥሩ አጋዥ ነው።

የጾሙ ወቅት ሲፈጸም የሚሆነው ደግሞ የመጀመሪያው ሳምንት ግልባጭ ነው። በፋሲካ ሰሞን እንጀራው፣ ዳቦው፣ ጠላውና ጠጁ የጎደለውን ጎተራ በአንድ ሁለት ቀን ይሞሉታል፤ ጎተራው ሲሞላ ውኃውም ይመለሳል፤ የዶሮ ወጡ ጨው ደግሞ ይጨምርበታል። በማግስቱ ሚዛን ላይ የወጣ ሰው አንድ ተኩል ወይም ሁለት ኪሎ ጨምሮ ቢያገኘው የሃምሳ አምስት ቀን ድካሙ በአንድ ሌሊት አልጠፋም፤ ያን ያህል ስብ በአንድ ቀን ለማከማቸት ከ10000 ካሎሪ በላይ ትርፍ መብላት ይጠይቃልና። ዳግም ትንሣኤ ካለፈ በኋላ፣ ሻዩን አሁንም ያለ ስኳር እየጠጣ ከሆነ፣ በዚያው ሚዛን እንደገና ይመዘን።